የህጻኑ ሐቅ፦ ከጡት ወደ ማዕድ በታሪክ ሚዛን

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ርዕስ በየቤታችን ያለ፣ ነገር ግን በመስጊድ እምብዛም የማይነሳ ነው። ህጻን ልጅ ከእናቱ ወተት ሌላ ምግብ መቅመስ ያለበት መቼ ነው? ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው? ምናልባት ከመካከላችን «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው፤ ለአያቶችና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንተወው» የሚል ይኖራል። እኛ ግን የእስልምናን ታሪክ ስንመለከት በዚህ ጉዳይ አንቀጽ ወርዶ፣ ኸሊፋ አልቅሶ፣ ዑለማዎች መጽሐፍ ጽፈው እናገኛለን። ስለዚህ እናቶች ብቻ ሳይሆኑ አባቶችም ጆሯችሁን እንድትሰጡን በትህትና እንጠይቃለን።

ከካራቆሬ እስከ አጣዬ፣ ከሰንበቴ እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው ቆላችን ሁለት ተቃራኒ ልማዶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛው መቸኮል ነው። ህጻኑ እንደተወለደ እንገሩ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ታልቦ ይደፋል፤ በምትኩ ቅቤ ይልሳል፣ ወይም ስኳር በውሃ ይቀምሳል። ሁለትና ሦስት ወር ሲሆነው ደግሞ «አገሩ ቆላ ነው፣ ይጠማዋል» ተብሎ ውሃ፣ «ሆዱን ያለሰልስለታል» ተብሎ የአብሽ ውሃ፣ «የእናቱ ጡት አልበቃውም» ተብሎ ቀጭን ሙቅ ይሰጠዋል። ሁለተኛው መዘግየት ነው። «አላህ ሁለት ዓመት ይጥባ ብሏል፤ ታዲያ ሌላ ምን ያስፈልገዋል?» ተብሎ ህጻኑ ዓመት እስኪሞላው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በጡት ብቻ ይቆያል። ከዚያም እናቲቱ ሌላ ልጅ ስታረግዝ ጡቷ ላይ እሬት ቀብታ በአንድ ቀን ታስጥለዋለች።

የሁለቱም ልማድ ምንጭ አንድ ነው፤ ምግብ ማስጀመርንና ጡት ማስጣልን እንደ አንድ ነገር መቁጠር። ነገሮቹ ግን ሁለት ናቸው። ምግብ ማስጀመር በር መክፈት ነው፤ ጡት ማስጣል ደግሞ ሌላውን በር መዝጋት ነው። በሁለቱ መካከል ህጻኑ ከእናቱም ጡት ከቤቱም ማዕድ የሚቀምስበት ረጅም ጊዜ አለ። ታሪካችንም የሚያስተምረን ይህንኑ ነው።

ቁርአን ያስቀመጠው ድንበር

በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 233 አላህ (ሱ.ወ) ማጥባትን ማሟላት ለፈለገ ሰው ሁለት ሙሉ ዓመታትን ደንግጓል። በዚያው አንቀጽ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተያይዘው መምጣታቸውን ልብ እንበል። አንደኛ፣ የምታጠባውን እናት በአግባቡ መመገብና ማልበስ የአባት ግዴታ ነው። ሁለተኛ፣ እናትም ሆነች አባት በልጁ ሰበብ ሊጎዱ አይገባም። ሦስተኛ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጡት ማስጣል ቢያስፈልግ እናትና አባት ተዋደውና ተመካክረው እስካደረጉት ድረስ ኃጢአት የለባቸውም። ኢብኑ ከሲር በተፍሲራቸው ይህን ሲያብራሩ፣ ከሁለቱ አንዱ ሌላውን ሳያማክር ብቻውን ሊወስን እንደማይችል ገልጸዋል። አላህ ስለ ሹራ በቁርአኑ ካወሳባቸው ቦታዎች አንዱ የጨቅላ ህጻን አመጋገብ መሆኑ ትልቅ ትምህርት አለው። መመካከር የሚገባው ለአገር አስተዳደር ብቻ አይደለም፤ ገና መናገር ለማይችለው ልጅም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። በሱረቱል አሕቃፍ አንቀጽ 15 እርግዝናና ጡት መጣያው አንድ ላይ ሰላሳ ወር ተብሏል። አንዳንድ ወንድሞች ከሰላሳው ሃያ አራቱን ቀንሰው የሚቀረውን ስድስት ወር ዛሬ ሐኪሞች ከሚናገሩት የስድስት ወር ምክር ጋር ያያይዙታል። ሰሐቦች ከዚህ ስሌት ያወጡት ብያኔ ግን ስለ ምግብ አልነበረም፤ አጭሩ የእርግዝና ጊዜ ስድስት ወር መሆኑን ነው። ቁርአን ያላለውን ብሏል ማለት ለሃይማኖታችን ክብር አይጨምርም። ቁርአን የማጥባትን ፍጻሜ ወስኖ፣ ምግብ የሚጀመርበትን ቀን ለእውቀት፣ ለልምድና ለምክክር ትቶታል። ይህም ከአላህ እዝነት ነው።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመንም የህጻን ወተት ምን ያህል ክብደት እንደነበረው የሚያሳይ ታሪክ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ከጋሚድ ጎሳ የሆነች ሴት ሐድ እንዲፈጸምባት ራሷ ጠይቃ በመጣች ጊዜ፣ እስክትወልድ፣ ከወለደችም በኋላ ልጇን ጡት እስክታስጥል ጉዳዩ እንዲቆይ ተደርጓል። በመጨረሻ ስትመለስ ልጁ በእጁ ቁራሽ ዳቦ ይዞ ነበር። ልጁ ምግብ መብላት መቻሉን ያሳየችው በዚህ ነው። የሸሪዓ ብያኔ እንኳ ለአንድ ህጻን ጡት ሲል ቆሞ ጠብቋል። የምታጠባ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች የረመዳንን ጾም እንድታፈጥር መፈቀዱም ከዚሁ ምንጭ የተቀዳ ነው።

የዑመር ሌሊት

አሁን ወደ ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘመን እንሻገር። የኸሊፋነት ዘመናቸው ከ13 እስከ 23 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. ከ634 እስከ 644) ነበር። የመንግሥት መዝገብ አቋቁመው ለሙስሊሞች ከበይተል ማል ድርጎ ይቆርጡ ነበር። ለህጻናትም ድርጎ ነበራቸው፤ ነገር ግን የሚጀምረው ጡት ከጣሉ በኋላ ነው።

ኢብኑ ሰዕድና ሌሎች የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት፣ አንድ ምሽት የነጋዴዎች ቡድን መዲና ደርሶ ሰፈረ። ዑመርም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን (ረ.ዐ) ይዘው ሌሊቱን ሊጠብቋቸው ወጡ። እየሰገዱ ሲጠብቁ የህጻን ለቅሶ ተሰማ። ዑመር ወደ እናቲቱ ሄደው አላህን እንድትፈራና ለልጇ እንድታዝን መክረው ተመለሱ። ጥቂት ቆይቶ ለቅሶው እንደገና ተሰማ፤ አሁንም ሄደው ያንኑ ነገሯት። በሌሊቱ መጨረሻ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያለቅስ ተቆጧት። እሷም የምታነጋግረው ሰው ማን እንደሆነ አላወቀችምና፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዳሰለቿት ተናግራ፣ ልጇን ጡት ልታስጥለው ብትሞክር እምቢ እንዳላት ነገረቻቸው። ለምን እንደቸኮለች ሲጠይቋት፣ ዑመር ድርጎ የሚሰጠው ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ስለሆነ ነው አለች። የልጁ ዕድሜ ገና በወራት የሚቆጠር ነበር።

ዑመር የዚያን ዕለት ሱብሒን ሲያሰግዱ ከለቅሷቸው የተነሳ ሰዎች ቂራአታቸውን ለመለየት ተቸገሩ። ካሰላመቱ በኋላ በራሳቸው ላይ አዘኑ፤ በዚህ ደንብ ምክንያት ስንት የሙስሊም ልጅ ሞቶ ይሆን ብለው ተጨነቁ። ወዲያውም አዋጅ አስነገሩ። ማንም ልጁን ጡት ለማስጣል እንዳይቸኩል፣ ለሚወለድ ልጅ ሁሉ ድርጎ እንደተቆረጠለት አሳወቁ፤ ወደየግዛቱም ጻፉ። ለአራስ ልጅ የተቆረጠው መቶ ዲርሃም እንደነበር፣ ሲያድግም ወደ ሁለት መቶ ከፍ ይል እንደነበር ተዘግቧል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን የምናውቀው ስለ ዑመር ፍትሕ ማሳያ አድርገን ነው። ስለ እናቶችም ብዙ ይነግረናል። ያቺ እናት ለልጇ ጨካኝ አልነበረችም። ያቻኮላት ችግሯና ከላይ የወረደው ደንብ ናቸው። ዑመር መጀመሪያ እናቲቱን መከሩ፣ ቀጥሎም ገሠጹ፤ ለቅሶው ግን አልቆመም። ለቅሶው የቆመው ምክንያቱን ጠይቀው ደንቡን ሲቀይሩ ነው። ዛሬም አንዲት እናት ለሦስት ወር ልጇ ሙቅ ስታጠጣ ስናይ፣ ከተግሣጽ በፊት ምን እንዳስገደዳት መጠየቅ የዑመር ሱና ነው።

የሐኪሞችና የዑለማዎች ምክር

ዑለማዎቻችንና ሐኪሞቻችን ምግብ የሚጀመርበትን ጊዜ በዝርዝር ጽፈውበታል። በ428 ዓመተ ሂጅራ (1037 እ.ኤ.አ.) ያረፉት ኢብኑ ሲና «አል ቃኑን» በተሰኘው የሕክምና መጽሐፋቸው፣ የማጥባት ተፈጥሯዊ ጊዜ ሁለት ዓመት መሆኑን ገልጸው፣ የልጁ የፊት ጥርሶች ሲወጡ ግን ቀስ በቀስ ጠንከር ወዳለ ምግብ እንዲሸጋገር መክረዋል። የመረጡለትም የላመ ዳቦ፣ ቀጥሎም በወተት ወይም በማር ውሃ የራሰ ዳቦ ነበር።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ኢማም ኢብኑል ቀይዪም በደማስቆ ስለ ህጻን ልጅ ብቻ የሚናገር መጽሐፍ አዘጋጁ፤ ስሙም «ቱሕፈቱል መውዱድ ቢአሕካሚል መውሉድ» ነው። የልጅን ዐቂቃና ስም አወጣጥ ባብራሩበት በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ስለ አመጋገቡም ጽፈዋል። የህጻን ሆድ ደካማ ስለሆነ ጥርስ እስኪያበቅል ድረስ በወተት ብቻ እንዲቆይ፣ ከዚያም ደረጃ በደረጃ እንዲለምድ ይመክራሉ፤ መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በወተት የራሰ ዳቦ፣ ቀጥሎ ሥጋ የሌለበት መረቅና የበሰለ ምግብ፣ በመጨረሻም በደንብ የደቀቀ ሥጋ። ጡት ማስጣልም በድንገት ሳይሆን ቀስ በቀስ፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ በማይበረታበት ወቅት እንዲሆን አሳስበዋል። ኢማሙ ምግብ ማስጀመርንና ጡት ማስጣልን እንዴት እንደለያዩ ተመልከቱ።

ይህ ታሪክ ከእኛ አገር ጋርም ይገናኛል። ኢብኑል ቀይዪም በ751 ዓመተ ሂጅራ (1350 እ.ኤ.አ.) ደማስቆ ላይ አረፉ። በዚያው ከተማ ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት ያረፉ ሌላ ምሁር አሉ፤ አል ዑመሪ። እሳቸው ከሸይኽ ዐብደላህ አዝ ዘይለዒና ከሌሎች ሰምተው በዚያን ጊዜ በወላስማ ሱልጣኖች ትመራ ስለነበረችው ይፋት ጽፈዋል። የሕዝቡ ምግብ ስንዴ፣ ማሽላና ጤፍ እንደነበረ፣ የጤፍንም ቅንጣት ትንሽነት ሳይቀር መዝግበዋል። እንግዲህ በአንድ ከተማና በአንድ ዘመን አንዱ የይፋትን እህል ሲጽፉ፣ ሌላው ህጻን እህል መቅመስ ያለበት መቼና እንዴት እንደሆነ ጽፈዋል። ማሽላውና ጤፉ ዛሬም በቆላችን አለ። የቀረን ሁለቱን ጽሑፎች በአንድ ማዕድ ላይ ማገናኘት ነው።

ጡጦው ሲመጣ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነገሩ ተለወጠ። በፋብሪካ የተዘጋጀ የዱቄት ወተትና ጡጦ በዓለም ተስፋፋ። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አንዳንድ ሐኪሞች ጥቂት ሳምንታት ብቻ ለሞላው ልጅ ሳይቀር ምግብ እንዲጀመርለት ይመክሩ ነበር። ንጹሕ ውሃና በቂ ገንዘብ በሌለበት አገር ግን ጡጦ አደጋ ሆነ። ዱቄቱ እንዲቆጥብ በብዙ ውሃ ይቀጥናል፤ ውሃው አይፈላም፤ ልጁ በተቅማጥና በረሃብ ይጎዳል። ይህ ጉዳት በዓለም ደረጃ ቁጣ ቀስቅሶ በ1981 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ምትኮችን ሽያጭና ማስታወቂያ የሚገታ ሕግ አጸደቀ። ምግብ የሚጀመርበትን ጊዜ በተመለከተም ምክሩ አስቀድሞ «ከአራት እስከ ስድስት ወር» የሚል ነበር፤ በ2001 (እ.ኤ.አ.) ግን ጉባኤው ስድስት ወር ሙሉ በእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ምግብ ከጡት ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ የሚለውን አጸና። ድርጅቱ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያም ተጨማሪ ምግብ በስድስት ወር እንዲጀመር መክሯል። በብዙ ልጆች የመጀመሪያው ጥርስ የሚታየውም በዚሁ ዕድሜ አካባቢ ስለሆነ፣ የጥንቶቹ ምልክትና የዛሬዎቹ ቁጥር ብዙም አይራራቁም።

በአገራችን በ1962 (እ.ኤ.አ.) በስዊድን ድጋፍ የህጻናት ሥነ ምግብ ክፍል ተቋቁሞ ነበር፤ በኋላም የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ከዚያ ሥራ የተገኘው ፋፋ እናቶቻችን በደንብ የሚያውቁት ነው። እህልን ከጥራጥሬ፣ ከወተት ዱቄትና ከቪታሚን ጋር የቀላቀለ የልጅ ምግብ ሲሆን፣ በድርቅ ዘመናትም ለእርዳታ ተከፋፍሏል። የፋፋ ትምህርት አጭር ነው፦ አንድ ዓይነት እህል ብቻውን ልጅ አያፋፋም።

ዛሬ የት ቆመናል?

በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ስድስት ወር ካልሞላቸው ልጆች በጡት ብቻ የሚመገቡት 58 በመቶ ነበሩ። ከስድስት እስከ ሃያ ሦስት ወር ካሉት ውስጥ በዓይነትም በመጠንም አነስተኛውን ተገቢ ምግብ ያገኙት ግን 7 በመቶ ብቻ ናቸው። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች 38 በመቶ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 በመቶ ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት በታች ሆነው ተገኝተዋል፤ መቀንጨር የሚባለው ይህ ነው። ከመቀንጨር ምክንያቶች አንዱ የምግብ ጉድለት ነው፤ ያመለጠው ቁመትና የአእምሮ ዕድገት ደግሞ በኋላ ለማካካስ እጅግ ያስቸግራል። ከቁጥሮቹ እንደምንረዳው ትልቁ ክፍተት ያለው ከስድስት ወር በኋላ ነው።

ስለዚህ ሐኪሞች የሚነግሩንን በቤታችን ቋንቋ እናስቀምጠው። እንገር አይደፋ፤ የህጻኑ የመጀመሪያ መከላከያ ነው። እስከ ስድስት ወር ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። ቆላ ቢሆንም እንኳ አብዛኛው የእናት ወተት ውሃ ነውና ቶሎ ቶሎ ማጥባት ጥሙን ይቆርጥለታል፤ ውሃ የሚያስፈልጋት እናቲቱ ናት። ስድስት ወር ሲሞላው ወተቱ ብቻውን በተለይ የብረት ማዕድኑን ፍላጎት ስለማይሞላለት ምግብ ይጀመርለት። ምግቡ እንደ ውሃ የቀጠነ ሙቅ ሳይሆን ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ገንፎ ይሁን። የማሽላው ወይም የጤፉ ዱቄት ከማሾ ወይም ከሽምብራ ጋር ይመጠን፤ እንቁላል፣ ወተት፣ የተፈጨ ዱባ፣ ማንጎና ፓፓያ ይታከልበት። ከስድስት እስከ ስምንት ወር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዘጠኝ ወር ጀምሮ ሦስት አራት ጊዜ ይብላ። ማር ግን ዓመት ሳይሞላው አይሰጠው፤ የዛሬ ሐኪሞች በህጻኑ ላይ ከባድ መመረዝ ሊያስከትል እንደሚችል ደርሰውበታል። ኢብኑ ሲና በዘመናቸው ባላቸው እውቀት መክረዋል፤ እውቀት ሲጨምር መቀበል የእሳቸውም መንገድ ነበር።

ማሾ ካነሳን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። የቆላችን ማሾ በኩንታል ተጭኖ ለውጭ ገበያ ይሄዳል። ከሚሸጠው ውስጥ ጥቂት ጣሳ ለልጁ ገንፎ እንዲቀር ማን ይወስናል? በብዙ ቤት እህሉን የሚሸጠው አባት ነው፤ ገንፎውን የምታገነፋው እናት ናት። ሁለቱ ካልተመካከሩ ማሾው ይሸጣል፣ ልጁም የማሽላ ሙቅ ብቻ ይጠጣል። ቁርአን ሹራ ያለው ለዚህ ነው። አባት «የሴት ጉዳይ ነው» ባለ ጊዜ ከግዴታው ግማሹን ጥሏል።

ከቤት ውጭም ኃላፊነት አለ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተቀጣሪ እናት ከወሊድ በኋላ ያላት ፈቃድ ዘጠና ቀን ነው፤ ስድስት ወር ለመሙላት ሦስት ወር ይቀራል። እናት ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያሠራ ሙስሊም ነጋዴ የምታጠባበት ወይም ወተቷን አልባ በንጹሕ ዕቃ የምታስቀምጥበት ጊዜና ቦታ ቢሰጣት የዑመርን ሱና ሕያው አደረገ ማለት ነው። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች ለተወሰነ ጊዜ ከጉልበት ሥራ ነጻ ሆነው ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኙ መደንገጉም መልካም ነው። ጎረቤትና ጀመዓም የአራስ ቤት ጥየቃውን በዐቂቃው ቀን ብቻ አይጨርስ፤ ልጁ ስድስት ወር ሲሞላው «ምን እየበላ ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ለሌለው ቤት ጥቂት ጥራጥሬና እንቁላል ይዞ መሄድ ሶደቃ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ህጻን ሐቁን በአፉ አይጠይቅም፤ የሚያውቀው ማልቀስ ብቻ ነው። ኸሊፋው ያንን ለቅሶ ሰምተው የአገር ደንብ ቀየሩ። ከእኛ የሚፈለገው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ወሩን መቁጠር፣ እህሉን መመጠን፣ ጡቱንም ሁለት ዓመት እስኪሞላ አለማቋረጥ።

አላህ ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን፤ በጤና አሳድጎ ለዲናቸውና ለአገራቸው የሚጠቅሙ ያድርጋቸው። ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።